«ፖሊሲ ነው» የተባለ ወተመህ ወዴት ይሂድ? የትምህርት ፖሊሲን የሚያጠኑና የሚቀርጹ አካላት፣ ከመንዝ ለቀረበ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው፦ «በመንዝ የአንድ ገጠር አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የወላጅ ተማሪ መምህር ኅብረት (ወተመህ) ጸሐፊ ነኝ። ከ4ኛ ክፍል ልጆቻችን ግማሽ ያህሉ አንድ አንቀጽ አስተካክለው አያነቡም። ለወረዳ ስናመለክት ‹እሱ የፖሊሲ ጉዳይ ነው፣ ከእኛ በላይ ነው› ተባልን። ለመሆኑ በዚህ አገር የትምህርት ፖሊሲ የሚያጠናውና የሚቀርጸው ማነው? ለማን እንጻፍ? የገበሬ ወረቀት የሚያነብስ አለ?»

ምላሽ፦

ከመጨረሻው ልጀምር። የሚያነበው አለ። የሚነበበው ግን ጉዳዩን መወሰን ለሚችለው ሰው፣ መወሰን በሚችልበት ወር፣ አንድ ነገር ብቻ ጠይቆ ሲደርስ ነው። ለትምህርት ሚኒስትር የተጻፈ ሰባት ገጽ አቤቱታ ከሚኒስቴር ወደ ክልል ቢሮ፣ ከቢሮ ወደ ዞን መምሪያ፣ ከመምሪያ ወደ ወረዳ «ለሚመለከተው» እየተባለ ይመራና መጀመሪያ ከተመለሳችሁበት ጠረጴዛ ላይ ያርፋል። ስለዚህ ከመጻፋችሁ በፊት «ፖሊሲ» የምትለዋን ቃል ራሷን ፈትሿት።

በቢሮ አነጋገር አምስት የተለያዩ ነገሮች ፖሊሲ ይባላሉ፦ ፖሊሲው ራሱ፣ አዋጅ፣ ደንብና መመሪያ፣ የማስፈጸሚያ ደብዳቤ፣ ሲብስም ማንም ያልጻፈው ልማድ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ በእናንተ ወረቀት አይነኩም። ሌሎቹ ሦስቱ ግን ይነካሉ፤ ልጅ ማንበብ የሚያቅተውም ብዙውን ጊዜ በእነሱ ክልል ውስጥ ባለ ምክንያት ነው። አሁን ያለው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ በ2015 በሚኒስትሮች ምክር ቤት ጸድቆ የ1986ቱን የተካው ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በእኛ አቆጣጠር ናቸው)። 8-2-2 የነበረውን እርከን 6-2-4 አደረገው። የ4ኛ ክፍል ልጅ ሳያነብ ይለፍ የሚል ነገር ግን የለውም። በ1986ቱ ፖሊሲ ዘመን ከ1ኛ እስከ 3ኛ ክፍል አውቶማቲክ ፕሮሞሽን (ልጅ ክፍል ሳይደግም ማለፍ) ነበር። ሐሳቡ ልጁ በተከታታይ እየተመዘነ፣ የጎደለው እየተሞላለት ይለፍ የሚል ነበር። ምዘናውና ድጋፉ ጉልበት ስለሚጠይቁ በየቦታው ተንጠባጠቡ፤ ማሳለፉ ግን ጉልበት ስለማይጠይቅ ጸና። ይሄ ልማድ ነው፤ ልማድን ደግሞ ርዕሰ መምህርና ሱፐርቫይዘር ሊለውጡት ይችላሉ።

ስለዚህ «ፖሊሲ ነው» ሲሏችሁ «የትኛው ሰነድ፣ ስንተኛው ገጽ፣ የመመሪያ ቁጥሩ ስንት ነው?» ብላችሁ በትሕትና ጠይቁ፤ ጥያቄውንም በጽሑፍ አድርጉት። የመገናኛ ብዙኃንና የመረጃ ነጻነት አዋጅ ቁጥር 590/2000 የመንግሥት መሥሪያ ቤት የተጠየቀውን መረጃ በ30 ቀን ውስጥ እንዲሰጥ፣ ካልሰጠም ምክንያቱን እንዲገልጽ ያስገድዳል። ብዙ ጊዜ ሰነዱ አይገኝም፤ አለመገኘቱም ራሱ መልስ ነው።

ቀጥሎ ማን ምን እንደያዘ እንይ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 51 የትምህርትን አገር አቀፍ መመዘኛና መሠረታዊ የፖሊሲ መለኪያ ለፌዴራል መንግሥት፣ በአንቀጽ 52 ደግሞ የክልልን የልማት ፖሊሲ ማውጣትና ማስፈጸም ለክልል ሰጥቷል። በተግባር የሥርዓተ ትምህርት ማዕቀፉና የ12ኛ ክፍል ፈተና የፌዴራል ናቸው። የአንደኛ ደረጃ መጻሕፍት ዝግጅትና ኅትመት፣ የ6ኛና የ8ኛ ክፍል ክልላዊ ፈተና፣ የመምህራን ኮሌጆች፣ የትምህርት ካላንደሩ ባሕር ዳር ያለው ትምህርት ቢሮ እጅ ላይ ናቸው። የሰሜን ሸዋ ዞን ትምህርት መምሪያ ይከታተላል፣ ይደግፋል፣ ሪፖርት ያጠናቅራል፤ ነገር ግን ለወረዳችሁ በጀት አይመድብም፤ ብሎክ ግራንት የሚባለው ገንዘብ ከክልል በቀመር ተሰልቶ በቀጥታ ለወረዳ ይወርዳል። ብዙ ወተመህ ደብረ ብርሃን ድረስ ተመላልሶ ባዶ እጁን የሚመለሰው ይህን ሳያውቅ ነው። መምህር መቅጠር፣ መመደብና ማዛወር የወረዳ ነው። 1ኛ ክፍልን የትኛው መምህር ይያዝ፣ የንባብ ሰዓት መቼ ይሁን፣ የውስጥ ገቢው ለምን ይዋል የሚለው ደግሞ የርዕሰ መምህሩ፣ የእናንተና የቀበሌው ትምህርትና ሥልጠና ቦርድ (ቀትስቦ) ጉዳይ ነው። ወረዳን ትቶ ሚኒስቴርን መውቀስ አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ነው።

አሁን ወደ አጥኚዎቹ። «የሚያጠናው ማነው?» ላላችሁት አንድ ስም መስጠት አይቻልም፤ የሚያጠናው፣ የሚወስነውና የሚከፍለው ለየቅል ናቸው።

በመንግሥት በኩል ትልቁን ጥናት በቅርቡ የሠራው በትምህርት ሚኒስቴር ሥር የነበረው የትምህርት ስትራቴጂ ማዕከል ነው። በ2010 ለውይይት የወጣው የትምህርት ልማት ፍኖተ ካርታ የእሱ ሥራ ነው፤ ከላይ ያልኩት የእርከን ለውጥም የመጣው ከዚያ ነው። የትምህርት ምዘናና ፈተናዎች አገልግሎት ከፈተናው ሌላ፣ በናሙና ትምህርት ቤቶች የ4ኛና የ8ኛ ክፍል አገር አቀፍ የትምህርት ቅበላ ጥናት (ልጆች ምን ያህል እንደተማሩ የሚለካ) ከ1992 ጀምሮ በየጥቂት ዓመቱ ያካሂዳል። የ4ኛ ክፍል አማካይ ውጤት በ1992 47.9 ከመቶ፣ በ1996 48.5፣ በ2000 ደግሞ 40.9 ነበር። በእነዚያ ዓመታት ትምህርት ቤት የገባው ልጅ ቁጥር እጅግ ጨምሯል፤ ስለዚህ ቁልቁለቱን መምህሩ ላይ ብቻ የሚለጥፍ ሰው ቁጥሩን አላነበበውም። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ፦ ጥናቱ ናሙና ስለሆነ ስለ ክልል ይናገራል እንጂ ስለ እናንተ ትምህርት ቤት ምንም አይልም። ስለ እናንተ የሚናገረው የኢንስፔክሽን ሪፖርት ነው፦ 26 ስታንዳርዶች፣ ግብዓት 25፣ ሂደት 35፣ ውጤት 40 ከመቶ፤ ከደረጃ 1 እስከ ደረጃ 4። ቅጂው ርዕሰ መምህሩ ቢሮ አለ። አይታችሁት የማታውቁ ከሆነ ነገ ጠይቁ።

የፖሊሲ ጥናት ኢንስቲትዩት በ2011 የልማት ምርምር ኢንስቲትዩቱና የፖሊሲ ጥናትና ምርምር ማዕከሉ ተዋሕደው የተፈጠረ የመንግሥት ተቋም ነው። ትምህርት ከብዙ ሥራዎቹ አንዱ ብቻ ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የትምህርት ምርምር ተቋም በዘርፉ ከሁሉም ነባሩ ሲሆን፣ ከካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ጋር «ራይዝ ኢትዮጵያ» በሚባለው ጥናት በለጋሾች ገንዘብ የተደገፈውን የአጠቃላይ ትምህርት ጥራት ማሻሻያ ፕሮግራም ውጤት መርምሯል። «ያንግ ላይቭስ» ደግሞ ከ1994 ጀምሮ በ20 ቦታዎች 3,000 የኢትዮጵያ ልጆችን ከሕፃንነት እስከ ጉልምስና የሚከተል ነው፤ ልጅ ከትምህርት ቤት ለምን እንደሚቀር ለማወቅ ከሱ የተሻለ ምንጭ ማግኘት ይቸግራል።

ከመንግሥት ውጭ ያለው ጎራ ቀጭን ነው፤ ቅጥነቱም ምክንያት አለው። አዋጅ ቁጥር 621/2001 ከበጀቱ ከ10 ከመቶ በላይ ከውጭ የሚያገኝ ድርጅት በመብትና በፖሊሲ ጉዳይ እንዳይሠራ ስለከለከለ አብዛኛው ወደ ቦርሳና ደብተር ማደል ዞረ። በአዋጅ ቁጥር 1113/2011 ክልከላው ተነሣ፤ የተበተነ ባለሙያ ግን በአዋጅ አይሰበሰብም። በዚያ ሁሉ ዘመን የዘለቁት የማኅበራዊ ጥናት መድረክና በ1941 የተመሠረተው የኢትዮጵያ መምህራን ማኅበር ናቸው። ማኅበሩ እስከ ወረዳ መዋቅር ስላለው ለእናንተ ይቀርባል።

ከፋዮቹን አትርሱ። የዓለም ባንክ፣ ዩኒሴፍና ሌሎች ለጋሾች ጥናት ያስጠናሉ፤ ከጥናቱ በላይ ግን ፖሊሲ የሚቀርጹት በክፍያ ሁኔታ ነው። የጥራት ማሻሻያ ፕሮግራሙ ሦስተኛ ምዕራፍ በ2010 ሲጀመር ገንዘቡ የሚለቀቀው የተስማሙባቸው ውጤቶች ሲረጋገጡ ሆነ። የሚቆጠረው ነገር የቢሮዎችን ትኩረት ይስባል፤ የማይቆጠረው ይረሳል። የንባብ ችሎታ በየትምህርት ቤቱ አይቆጠርም። የእናንተ ወረቀት የሚሞላው ክፍተት ይህ ነው።

ጥናት ፖሊሲ ሲለውጥ ምን ይመስላል? ሁለት ነገሮችን አነጻጽሩ። በ1964 ተጠናቆ የነበረው የትምህርት ዘርፍ ጥናት ባለሙያዎች በብዛት የተካፈሉበት፣ የገጠሩን ልጅ ለማስተማር በቅን የታሰበ ነበር። ነገር ግን ለመምህራንና ለወላጆች ሳይገለጽ በምሥጢር ቆየና በየካቲት 1966 ሲወጣ መምህራን አደሙ፤ ወላጅም «ልጄን ከአራት ዓመት ትምህርት በኋላ ወደ እርሻ ሊመልሱት ነው» ብሎ ተነሣ። ጥናቱ ተሰረዘ፤ ንጉሡም በአዲሱ ዓመት መባቻ፣ መስከረም 2 ቀን 1967፣ ከዙፋናቸው ወረዱ። በ2002 ደግሞ በጥቂት ቋንቋዎች የታችኛ ክፍል ልጆች የንባብ ፈተና ተደረገ። ከ2ኛ ክፍል ልጆች 34 ከመቶ አንድም ቃል ማንበብ አልቻሉም። ቁጥሩ አጭር ነው፣ ማንም ይረዳዋል፣ ማንንም በስም አይከስም። ከዚያ በኋላ በሰባት ቋንቋዎች የአፍ መፍቻ መጻሕፍት እንደ አዲስ ተዘጋጁ። መጽሐፉ በየክፍሉ ያደረሰው ለውጥ ያከራክራል፤ ውሳኔውን ያስወሰነው ግን ያ አንድ ቁጥር ነው።

እናንተም አንድ ቁጥር ያስፈልጋችኋል። «ግማሽ ያህሉ» ቁጥር አይደለም፤ ግምት ነው፣ ወረዳውም በግምት ይመልሰዋል። አለካኩ እንዲህ ነው። በህንድ ፕራታም የተባለ ድርጅት ከ1998 ጀምሮ፣ በምሥራቅ አፍሪካ ደግሞ ኡዌዞ፣ ሰፊ የንባብ ልኬት የሚያደርጉት በአንድ ገጽ ወረቀት ነው፤ ያንኑ ወደ አማርኛ ማምጣት አይከብድም።

ገጹ አራት ክፍል ይኖረዋል፦ አሥር ፊደላት፣ አሥር ባለ ሁለትና ባለ ሦስት ፊደል ቃላት፣ በ2ኛ ክፍል መጽሐፍ ደረጃ የሆነ አራት ዓረፍተ ነገር አንቀጽ፣ እና ከስምንት እስከ አሥር ዓረፍተ ነገር ያለው አጭር ታሪክ ከሁለት ጥያቄ ጋር። ከመጽሐፉ ቃል በቃል አትቅዱ፤ ልጁ በቃሉ ይወጣዋል። ፊደላቱንም ከ«ሀ ሁ ሂ» ተራ አውጥታችሁ ቀላቅሏቸው። በተራ የተጻፈ ፊደል ልጅ ሳያይ ይወርደዋል። የቄስ ትምህርት ቤት መምህራን ይህን ቀድመው ስለሚያውቁ ነው ከፊደል ቆጠራ ቀጥሎ «አቡጊዳ»ን የሚያስቆጥሩት፦ ተራው ሲፈርስ ልጁ የግድ ፊደሉን ያያል። ሀ፣ ሐ እና ኀን፣ ሰ እና ሠን፣ ጸ እና ፀን እንደ አንድ ድምፅ ተቀበሉ። አማርኛ መጥበቅና መላላትን ስለማይጽፍ «አለ»ን በሁለቱም መንገድ ያነበበ ልጅ ትክክል ነው። ሳድስ ፊደላትን በብዛት አስገቡ፤ ልጅ የሚሰናከለው እዚያ ላይ ነው።

ፈተናው ከአንቀጹ ይጀምራል። ሳይቆራርጥ ካነበበ ወደ ታሪኩ ይለፍ፤ ካቃተው ወደ ቃላቱ ይውረድ፤ ከመረጣቸው አምስት ቃላት አራቱን ካነበበ «ቃል» ላይ፣ ካላነበበ ወደ ፊደላቱ ወርዶ በዚያው ልክ «ፊደል» ላይ ወይም «ምንም» ላይ ይመደባል። ለአንድ ልጅ አምስት ደቂቃ ይበቃል። 90 ልጅ ካላችሁ ሁሉንም ፈትኑ፤ ሁለት ፈታኝ ካለ በሁለት ማለዳ ያልቃል። ናሙና ማውጣት ከፈለጋችሁ ግን ከብዙ ልጅ መካከል 40 ብቻ ወስዳችሁ «50 ከመቶ» ያላችሁት ነገር እውነቱ ከ35 እስከ 65 ሊሆን እንደሚችል እወቁ። ሁለት የተለያየ ገጽ አዘጋጁ፣ ተራ የሚጠብቁት ልጆች እንዳይሰሙ ፈተናው ከዛፍ ሥር ወይም በሌላ ክፍል ይሁን፣ ፈታኙም የክፍሉ መምህር አይሁን። ከጉድኝት ማዕከላችሁ (አጎራባች ትምህርት ቤቶች ከሚደጋገፉበት ቡድን) የሌላ ትምህርት ቤት መምህራን ይሻላሉ።

በብዛት የሚበላሸው እዚህ ነው፦ በዕለቱ የተገኘውን ብቻ መፈተን። ድጎማ በተመዘገበ ተማሪ ቁጥር ስለሚሰላ የምዝገባ መዝገብ የመወፈር ዝንባሌ አለው፤ በዕለቱ የተገኘው ደግሞ ከቀረው የተሻለ አንባቢ ነው። በመዝገብ ስንት፣ በስም ጥሪ ስንት፣ የተፈተነ ስንት የሚለውን ሦስቱንም ጻፉ፤ የቀሩትን ቤታቸው ሄዳችሁ ፈትኑ። ልኬቱንም መቼ እንደምታደርጉ ምረጡ። በመንዝ ደጋ የበልግ ገብስ የሚሰበሰብበት ሰኔ ላይ ልጅ ከክፍል ይቀራል፤ ቆላው ቀወት ላይ ደግሞ የማሽላ ወፍ ጥበቃ ጥቅምትና ኅዳር ላይ ያስቀረዋል። አንድ የክልል ካላንደር ለሁለቱም አይስማማም፤ ይህ ራሱ ለቢሮው የሚቀርብ ጥሩ ጥያቄ ነው፣ ግን በሌላ ወረቀት። በግጭት ምክንያት ትምህርት የተቋረጠባቸውን ዓመታትም ለይታችሁ ጻፉ፤ ሁለት ዓመት ከክፍል የራቀን ልጅ ከሌላው ጋር አደባልቆ «4ኛ ክፍል» ማለት ያሳስታል።

ከእያንዳንዱ ልጅ ጎን አራት ነገር ብቻ መዝግቡ፦ ጾታ፣ በዓመቱ የቀረበት ቀን፣ የአማርኛ መጽሐፍ ለብቻው እንዳለው፣ ኦ-ክላስ (ከ1ኛ ክፍል በፊት ያለውን ዓመት) እንደተማረ። ከክፍሉ አንጻር ደግሞ እነዚህ ልጆች 1ኛ ክፍል ሳሉ ስንት መምህር እንደተቀያየረባቸውና በአንድ ክፍል ስንት እንደነበሩ ጻፉ። መመዘኛው በአንደኛ ደረጃ ለአንድ መምህር 50 ተማሪ፣ ለአንድ ተማሪ በየትምህርቱ አንድ መጽሐፍ ነው። እነዚህ ከታወቁ ጥያቄው ራሱ ባለቤቱን ይጠራል። መጽሐፍ የሌላቸው ልጆች በተለየ ወደኋላ ከቀሩ ጉዳዩ የክልል ኅትመትና የወረዳ ሥርጭት ነው፤ መጻሕፍቱ ወረዳ መጋዘን ደርሰው እንደሆነ መጀመሪያ አጣሩ። 1ኛ ክፍል በዓመት ሦስት መምህር ተቀያይሮበት ከሆነ የወረዳ ዝውውር ነው። ሁሉም ተሟልቶ ካላነበቡ ደግሞ ያላችሁ መልስ ከግቢያችሁ አይወጣም፦ ጎበዙን መምህር 8ኛ ክፍል ላይ መመደብ የተለመደ ነው፣ 1ኛ ክፍል ላይ መድቡት።

ወረቀቱ ከሁለት ገጽ አይብለጥ። የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ውጤቱ ይሁን፤ ለምሳሌ «ከተመዘገቡት 92 የ4ኛ ክፍል ልጆች 84ቱን ፈትነን 43ቱ አንቀጽ ማንበብ አልቻሉም»። ከዚያ ትንሽ ሰንጠረዥ፣ እንዴት እንደፈተናችሁ አምስት መስመር፣ ምክንያቱ አንድ አንቀጽ፣ ጥያቄው አንድ ብቻ፣ ወጪው በብር። በጥያቄው ላይ «ትኩረት ይሰጠን» አትበሉ፤ ትኩረት የበጀት ኮድ የለውም። «ከመጪው መስከረም ጀምሮ የ1ኛ ክፍል መምህራን በዓመት መካከል እንዳይዛወሩ ይወሰንልን» ማለት ግን ወጪ የለውም፣ ወረዳው ይችለዋል፣ መፈጸሙም ይታያል። የልጅም የመምህርም ስም አይግባበት። ወረቀቱ ሰው የሚያስገመግም ከሆነ በሚቀጥለው ዓመት የሚፈትንላችሁ አታገኙም፤ ርዕሰ መምህሩና ሱፐርቫይዘሩም ከወረዳው ቀድመው አይተው አስተያየታቸውን ይስጡበት።

የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምራል፤ የወረዳ ጽሕፈት ቤቶች ዕቅድና የበጀት ጥያቄ የሚያዘጋጁት ባብዛኛው ከመጋቢት እስከ ግንቦት ነው። ስለዚህ ልኬቱ በጥር፣ ወረቀቱ በየካቲት መጨረሻ መድረስ አለበት። ሐምሌ ላይ የመጣ ምርጥ ወረቀት ለዓመት ይተኛል። አድራሻው ለወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤት፣ ግልባጩ ለወረዳው ምክር ቤት የማኅበራዊ ጉዳይ ቋሚ ኮሚቴና ለዞን መምሪያ ይሁን። የመዝገብ ቤት ቁጥር ሳትቀበሉ አትውጡ።

ብቻችሁን አትሂዱ። የጉድኝት ማዕከላችሁ ትምህርት ቤቶች በአንድ ገጽ ወረቀት፣ በአንድ ሳምንት ውስጥ ቢፈትኑ የአንድ ትምህርት ቤት አቤቱታ የአካባቢ መረጃ ይሆናል። ያኔ ለደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲና ለደብረ ብርሃን መምህራን ትምህርት ኮሌጅ ስጡት። በትምህርት አመራር ሁለተኛ ዲግሪ የሚሠሩ መምህራን ለመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስና መረጃ ይፈልጋሉ፤ ጥሬው ውሂብ በእጃችሁ ካለ ቀሪውን ትንተና እነሱ ይሠሩታል፣ ወረቀቱም ከዚያ በኋላ የገበሬ ወረቀት አይባልም። ጥሬ መዝገቡን ግን ፎቶ ኮፒ አድርጋችሁ አንዱን ቅጂ በትምህርት ቤቱ ሣጥን አስቀምጡ፤ በሚቀጥለው ጥር በዚያው ገጽ፣ በዚያው ሕግ የዚያን ዓመት 4ኛ ክፍል ስትፈትኑ የምታነጻጽሩት ከእሱ ጋር ነው።